በክረምት የተገኘ ውሃ



ሐምሌ በገባ ቁጥር ከተማሪዎቻችን አንድ ሁለቱ ሳይመጡብን አይቀሩም። "ቲቸር፣ ክረምቱን ገጠር ወርደን የበጎ ፈቃድ ሥራ መሥራት እንፈልጋለን፤ ውሃ የሚያወጣ ድርጅት ታውቃላችሁ?" ይሉናል። አንዳንዶቹማ ከባህር ማዶ ለእረፍት የመጡ የአጎትና የአክስት ልጆቻቸውን አስከትለው ነው የሚመጡት። ጥያቄው ደስ ያሰኛል። መልሳችን ግን እንደ ጥያቄው አጭር ሊሆንልን አልቻለም። እኛም አንድ ክረምት ወርደን ነበርና። የሚያኮራውንም የሚያሳፍረውንም ሳንደብቅ ለአንባብያን ማቅረቡ ለሚቀጥለው ጠያቂ ይጠቅም ይሆናል በሚል ይህን ጽፈናል።

እኛ ሁለት መምህራን ነን። አንዳችን ጂኦግራፊ፣ ሌላችን እንግሊዝኛ እናስተምራለን። ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት በኋላ ቀለም ትምህርት ቤት እየተመላለስን ያደግን የለገሃር ልጆች ነን። ለገሃር ስሙን ያገኘው ባቡር ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል መሆኑን የማያውቅ የሰፈር ልጅ የለም። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የጣቢያው ሕንጻ በ1929 ተመረቀ። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ስለዚያ ባቡር ሲያወጉ ሁልጊዜ የሚያነሡት አንድ ነገር ነበር፦ በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር ያለ ውሃ አይንቀሳቀስም፤ በየመንገዱ እየቆመ እንደ ግመል ውሃ ይጠጣ ነበር። እኛ ባቡሩን እንጂ ውሃውን አናስብም ነበር። የውሃ ነገር ለእኛ የቦኖ ሰልፍ ነው። ጀሪካን ደርድሮ ድንጋይ አስቀምጦ ወረፋ መያዝ፣ ቦኖው ሲዘጋ ባዶውን መመለስ፣ በቃ። ዛሬም ቧንቧ በየቤቱ ገብቶ ውሃው በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ብዙ ነው። ያም ሆኖ የከተማ ሰው ውሃ ሲጠፋበት የሚወቅሰው መሥሪያ ቤት አለው። የገጠሯ እናት ማንን ትወቅስ?

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አንድ ጠዋት፣ ከሱብሒ በኋላ፣ በጣቢያው ፊት ለፊት ካለው የአንበሳ ሐውልት አጠገብ አራት ወጣቶችን ለመቀበል ቆመን ነበር። ካሳንቺስ አንድ ፔንሲዮን አድረው በሚኒባስ መጡ። ሁለቱ እህትና ወንድም ናቸው። ወላጆቻቸው የደሴ ሰዎች ሲሆኑ ልጆቹ ተወልደው ያደጉት ለንደን ነው። አንደኛው ጓደኛቸው በትውልድ ሶማሌ፣ ሌላው ባንግላዴሽ። በረመዳን በለንደን አንድ መስጊድ ገንዘብ ሰብስበው ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ሰጥተዋል። ድርጅቱም "ራሳችሁ ሄዳችሁ ቆፍሩ" ብሏቸዋል። ልጅቷ ኒያዋ የተለየ ነበር። በቃሉ ወረዳ ተወልደው ያረፉት አያቷ ስም ሰደቀቱል ጃሪያ እንዲሆንላት ትፈልጋለች። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) እናታቸው በሞቱ ጊዜ ስለ እርሳቸው ጉድጓድ ማስቆፈራቸውን በመድረሳ ስለተማርን ነገሩ ገባን። የእኛ ሥራ አስተርጓሚነት ነበር። ቀላል ሥራ መስሎን ነበር።

ጣርማ በርን አልፈን፣ ሸዋ ሮቢት ምሳ በልተን፣ ከሚሴ ላይ ዝናብ ተቀብሎን ሐርቡ ስንደርስ መሽቶ ነበር። መንደሩ ከዋናው መንገድ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ስለሚርቅ ለዚያ ሌሊት እዚያው አደርን።

ውሎና አዳር

ወጣቶች ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ ሲያስቡ የሚታያቸው ዶማ ይዞ መቆፈር ነው። እውነቱን እንንገራችሁ፤ ከአራቱ ሳምንት ውስጥ ዶማ የያዝንበትን ሰዓት ብንደምረው አራት ቀን አይሞላም። ሌላው ጊዜ መጠበቅ ነው። ሲሚንቶ የጫነው መኪና ጭቃ ውስጥ ገብቶ አራት ቀን ጠበቅነው። ለጉድጓዱ መደገፊያ የሚሆኑት የሲሚንቶ ቀለበቶች ከተሞሉ በኋላ እስኪጠነክሩ በየቀኑ ውሃ እየጠጡ ሳምንት ይጠበቃሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ውሃ በሌለበት ሰፈር ሲሚንቶ ከሰው ቀድሞ ይጠጣል። ግንበኛው ሲታመም ግንበኛውን እንጠብቃለን። ዝናብ ሲጥል ሁሉም በየቤቱ ይገባል። ከለንደን የመጡት ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት ሰዓታቸውን እያዩ ይቆጡ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሰዓቱን ፈቱት።

ማደሪያችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ነበር። ወንዶቹ በዚያ ሰሌን አንጥፈን ተኛን፤ ልጅቷን ደግሞ የመንደሩ ሰዎች ከልጃገረዶች ጋር አንድ ቤት አሳደሯት። ቁንጫው ለማንም አያዳላም። ሱብሒ በጭቃ በተመረገችው መስጊድ ይሰገዳል፤ ውዱእ የሚደረገው በአንድ ጣሳ ውሃ ነው። የለንደኑ ወንድሟ በመጀመሪያው ቀን ጣሳውን ፊቱን ሳይታጠብ ጨረሰው። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ በዚያው ልክ ውሃ ውዱእ አድርጎ፣ የተረፈውን ለታናሹ ሲሰጥ አየን። ማንም ምንም አልተናገረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ያ ወጣት ጣሳው ላይ ዓይኑን ተክሎ ነበር ውዱእ የሚያደርገው።

ቁርስ ሻይና የማሽላ እንጀራ ነው። ከቁርስ በኋላ ሴቶቹ ወደ ምንጩ ሲወርዱ ልጅቷ አብራ ትወርዳለች። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ ነው፤ ገደሉን ሲወጡ ግን ኪሎው የሚጨምር ይመስላል። በገመድ ጀርባ ላይ ታስሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ባዶ እግር ጭቃውን እየቆነጠጡ ይወጣሉ። ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን መንገዱ አጋማሽ ላይ ወደቀች፤ ጀሪካኑም ተከፍቶ ፈሰሰ። ሴቶቹ አልሳቁም፤ ይሄ ነው ያሳቀቃት። አንዷ የራሷን አውርዳ፣ የእሷን ባዶ ጀሪካን ይዛ ተመልሳ ወረደች። ከዚያ በኋላ አምስት ሊትሯን ነበር የሚያሸክሟት፤ እንደ ሕፃናቱ።

የመንደሩ ልጆች ሒጃብ የለበሰች፣ ፊቷ የእነሱን የሚመስል ልጅ አማርኛዋ ሲሰባበር ሰምተው ምን ብለው እንደሚጠሯት ጨንቋቸው ነበር። በመጨረሻ "ፈረንጅ ሐበሻ" አሏት፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ምሽት ምሽት ቡና አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ አንዱንም ሳያስቀሩ። ከእንግዶቹ ይልቅ የሚጠይቁት ባለቤቶቹ ነበሩ። "አገራችሁ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?" ብለው ልጆቹን ጠየቋቸው። አራቱ ተያዩ፤ አያውቁትም። "ከቧንቧ" አለ አንዱ፤ ተሳቀበት። "እናንተስ አዲስ አበባ?" ሲሉ ወደ እኛ ዞሩ። ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች እንደሆነ ነገርናቸው። "ታዲያ እናንተም እንደኛ ከጉድጓድ ነው የምትጠጡ" አሉ አንድ ሽማግሌ፤ በዚህ ደስ አላቸው። እኒሁ ሽማግሌ ፊደል የቆጠሩት በእድገት በኅብረት ዘመቻ ጊዜ ነው። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲወጡ እርሳቸው ጎረምሳ ነበሩ። ዘማቾቹን በስም እያነሡ ያወጉናል። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ ወደ 280 የሚጠጉ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጥተው አብዛኞቹ በየአገሩ አስተማሪ መሆናቸውን አጫወትናቸው። "እንግዳማ ሲመጣ ሲሄድ አይተናል" አሉ ሽማግሌው፣ ቡናቸውን እያማሰሉ። ነገር አለበት ብለን ያን ጊዜ አላሰብንም።

በዚያው ምሽት ባንግላዴሻዊው ወጣት የአያቱን መንደር ነገር አወራን። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዚያ አገር ሰው የወንዝና የኩሬ ውሃ እየጠጣ በተቅማጥ እንዳያልቅ በሚል በጣም ብዙ ቱቦ ጉድጓዶች ተተከሉ። ሕፃናት ዳኑ። በ1990ዎቹ ግን ከብዙዎቹ የሚወጣው ውሃ ከመሬት የመጣ አርሴኒክ የተባለ መርዝ እንዳለበት ታወቀ። ውሃው ጥርት ያለ፣ ሽታ የሌለው ነው። ፓምፖቹ ተመርምረው ደኅናው አረንጓዴ፣ መርዝ ያለበት ቀይ ቀለም ተቀባ። የአያቱ ፓምፕ ቀይ ነው። "የተከሉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም" አለ። ይህን ደግሞ አሳምረን ተረጎምነው።

ያልተረጎምነው

አሁን ወደሚከብደን ነገር እንግባ።

ጉድጓዱ የሚቆፈርበት ቦታ ሲመረጥ የድርጅቱ ኃላፊ፣ ግንበኛው፣ ወጣቶቹና የመንደሩ ሰዎች ተሰብስበን ነበር። ቦታው ለመንደሩ ቅርብ፣ ከመጸዳጃ ቤቶች የራቀ፣ መሬቱ እርጥብ ነው። አንዲት እናት ከሴቶቹ መካከል ተነሡ። ቤታቸው ከምንጩ በላይ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ የውሃውን ነገር ከማንም በላይ ያውቁታል። "ልጆቼ፣ አላህ ይስጣችሁ። ግን ይሄ ውሃ የክረምት እንግዳ ነው። አሁን በእጃችሁም ብትጭሩት ይወጣል። ጥር ላይ ኑና እዩት። መቆፈር ያለበት በግንቦት ነው፤ ምድሪቱ ስትደርቅ" አሉ።

ኃላፊው ወደ እኛ ዞሮ "ምን ይላሉ?" አለን።

"በክረምት ውሃው ይበዛል ይላሉ" አልነው።

ውሸት አልተናገርንም፤ ግማሹን ግን ዋጥነው። ለምን? የወጣቶቹ የአውሮፕላን ትኬት ለነሐሴ 18 ተቆርጧል። ሲሚንቶው ተገዝቷል። ከዒደል አድሓ በፊት ፓምፑ ተተክሎ ፎቶግራፍ ለንደን መድረስ አለበት። አንዲት እናት ተነሥተው ይህን ሁሉ ሲያፈርሱት በእኛ አፍ ማለፉ ከበደን። አንዳችን ደግሞ የጂኦግራፊ መምህር ነን። ዝናብ ወደ መሬት ሰርጎ የከርሰ ምድር ውሃን ከፍ እንደሚያደርገው፣ በበጋ ያው ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ እየሸሸ እንደሚወርድ በየዓመቱ ለተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንስላለን። የእጅ ጉድጓድ የሚቆፈረው ውሃው በጣም በወረደበት ወር መሆን እንዳለበት ያ ስዕል ራሱ ይናገራል። እናትዮዋ የተናገሩት ፈተና ላይ የምናወጣውን ጥያቄ መልስ ነበር።

ቁፋሮው ተጀመረ። ሁለት ሰው ከታች ይቆፍራል፤ ከላይ ያሉት በመዘውር ባልዲ ይጎትታሉ፤ ሴቶች ጠጠርና አሸዋ ያመላልሳሉ። በአራተኛው ሜትር ውሃ ሲወጣ የእልልታው ድምፅ ከተራራው ማዶ ተሰማ። ልጅቷ አለቀሰች፤ እኛም ዓይናችን ረጠበ። ከዚያ በኋላ ውሃው በየሰዓቱ እየገባ ቆፋሪዎቹን ወገብ ወገባቸውን ያዛቸው። መቅዳቱ አልቻል ሲል በሰባተኛው ሜትር ላይ ቆመ። ቀለበቶቹ ወረዱ፣ ጠጠር ተሞላ፣ አፉ በሲሚንቶ ተከደነ፣ ፓምፑ ተተከለ። ነሐሴ 14፣ በዒዱ ዋዜማ፣ አንደኛው ጀሪካን ተሞላ። በማግስቱ አረፋን አብረን ዋልን፤ እናትዮዋም መረቁን። ስለ ጥር ድጋሚ አላነሡም።

ጥር

በጥር 2011 ዓ.ም. ስልክ ተደወለልን። የፓምፑ ዘበኛ ነበር። "ጋሼ፣ እጀታውን ስመታው አየር ነው የሚተነፍስ" አለ። በየካቲት መጀመሪያ፣ በሴሚስተሩ እረፍት፣ ወርደን አየነው። ክዳኑ ሲነሣ በባትሪ አበራን፤ ከታች ደረቅ ጠጠር ነው። አጥሩ ግን አልተነካም፤ የሰሌዳው ሲሚንቶ ተጠርጓል። ውሃ የሌለውን ፓምፕ በየጠዋቱ ይጠርጉት ነበር። ሴቶቹ እንደ ዱሮው ወደ ታች ወንዙ፣ ደርሶ መልስ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ይመላለሳሉ።

ወደ ለንደን መደወል የእኛ ድርሻ ሆነ። ለገሃር ተመልሰን፣ ከትምህርት ቤት በኋላ፣ ከአንድ ሻይ ቤት ጀርባ ቆመን ደወልን። ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችን። ከዚያ፣ "ያን ቀን የተነሡት እናት እንዲህ ብለው ነበር እንዴ?" አለች።

"አዎ።"

"በአያቴ ስም ነው እኮ። ለምን አልነገራችሁኝም?"

መልስ አልነበረንም። ይቅርታ ጠየቅን። ስልኩን ዘጋችው። አንድ ሳምንት ቆይታ ራሷ ደወለች፤ "አሁን ምን ማድረግ እንደሚቻል እሳቸውን ጠይቁልኝ" አለችን። ይህን መልእክት ሳንቀንስ ሳንጨምር አደረስን።

በወረዳው ያገኘነው አንድ የውሃ ባለሙያ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ አልወቀሰንም። በአማራ ክልል ከእ.ኤ.አ. 1994 ጀምሮ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ ሲሠራ የቆየውን የገጠር ውሃ ሥራ እንደ ምሳሌ አነሣልን። በዚያ ሥራ ከ2003 ወዲህ ገንዘቡ ለድርጅት ወይም ለመሥሪያ ቤት ሳይሆን፣ በኋላ ጸደይ ባንክ በሆነው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል፣ መንደሩ ለመረጠው የውሃ ኮሚቴ በቀጥታ ይሰጥ ጀመር። ሲሚንቶ የሚገዛው ኮሚቴው፣ ግንበኛ የሚቀጥረው ኮሚቴው ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. በኋላ ይኸው አሠራር ኮዋሽ በተባለው ፕሮግራም ወደ ሌሎች ክልሎችም ተሻግሯል። "ኮሚቴው የራሱን ገንዘብ ሲያወጣ በክረምት አይቆፍርም" አለን ባለሙያው፤ ሳቅ አለ።

መንደሩ ኮሚቴ መረጠ። ሰብሳቢዋ ማን እንደሆኑ አንባቢ ሳይገምት አይቀርም። እናትዮዋ የመጀመሪያ ሥራቸው አድርገው ከየቤቱ በወር አምስት ብር መሰብሰብ ጀመሩ። ፓምፑ ደርቆ ሳለ! ቅር ያላቸው ነበሩ፤ "ለአየር ነው የምንከፍለው?" ያሉም አልጠፉም። እሳቸው ግን ደብተራቸውን ይዘው በየቅሬው ስብሰባ መገኘታቸውን አልተዉም። ከለንደን ወጣቶቹ ከኪሳቸው ያዋጡት ገንዘብ በዚያው ደብተር ላይ፣ ከአምስት ብሮቹ ተርታ፣ በአንድ መስመር ተመዘገበ።

የረመዳን ሌሊቶች

ግንቦት 2011 ዓ.ም. ረመዳን ውስጥ ገባ። እኛ ይዘገያል ብለን ነበር፤ እናትዮዋ ግን "ምድሪቱ ጾማችንን አትጠብቅም" አሉ። ሥራው ከተራዊሕ በኋላ እስከ ሱሑር እንዲሆን ተስማሙ። እኛ አርብን ከቅዳሜና እሁድ ጋር አዳብለን ሁለት ጊዜ ወረድን። ሌላው ሁሉ የእነሱ ሥራ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በቀድሞዎቹ ቀለበቶች ውስጥ ጠበብ ያሉ አዳዲስ ቀለበቶች ይገባሉ። ቆፋሪው ከታች አፈሩን ሲያወጣ ቀለበቱ በራሱ ክብደት ይሰምጣል። ሰው ከመውረዱ በፊት የተለኮሰ ፋኖስ በገመድ ይወርዳል፤ ፋኖሱ ከጠፋ ማንም አይወርድም። በአሥራ አንደኛው ሜትር ውሃ ተገኘ፤ በግንቦት የተገኘ ውሃ። ከዚያ ግን ችግር መጣ። ከሐርቡ የተከራየነው የውሃ መሳቢያ ሞተር ጉድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ ከስድስት ሜትር በታች ያለውን ውሃ ሊስብልን አልቻለም። ይህም የታወቀ ነው። መሳቢያ ሞተር ውሃን አይጎትትም፤ ከላይ የሚገፋው የአየር ክብደት ነው፤ የዚያ አቅም ደግሞ በተግባር ከስድስት እስከ ሰባት ሜትር አይበልጥም።

ጎረምሶቹ "ሞተሩን በገመድ ወደ ታች እናውርደው" አሉ። ሐሳቡ ለእኛም ብልህነት መስሎን ነበር። ግንበኛው ግን ገመዱን ነጥቆ ጣለው። የቤንዚን ሞተር ጢስ ጉድጓድ ውስጥ ሲታመቅ ሽታ የሌለው መርዝ ነው፤ ቆፋሪው ሳያውቀው ያንቀላፋል፣ አይነቃም። ሊያወጣው የወረደውም እንደዚያው። "ይሄንን ያየሁት በዓይኔ ነው" አለ፤ ከዚህ በላይ አልተናገረም። ማንም ደግሞ አልጠየቀውም።

እንግዲህ የቀረው ባልዲ ነው። ደቦ ተጠራ። ወንዶቹ በሁለት ረድፍ ቆመው ገመዱን ሲስቡ፣ ሴቶቹ የወጣውን ጭቃማ ውሃ ወደ ጎመን መደባቸው ይወስዱት ነበር፤ ጠብታ አልተጣለም። የባልዲው ቁጥር ሲነገር አንድ ሽማግሌ በሙስበሐቸው ይቆጥሩ ነበር፤ ዚክራቸውም ይቀጥላል። ባልዲ መሳብ በቆመ ቁጥር ውሃው መልሶ ይሞላልና ማረፍ አልተቻለም። ሱሑር እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ በተራ ተበላ። እኛ ከከተማ የመጣነው በሁለተኛው ሌሊት መዳፋችን ተልጦ ቡና ማፍላት ላይ ተመደብን። አንዲት ልጃገረድ ጀበናውን ከእጃችን ተቀብላ ራሷ ቀጠለች፤ ቡናችንም አልጣማትም።

በአሥራ ሦስተኛው ሜትር ላይ ቆመ። ፓምፑ ከዒድ በኋላ ተተከለ። ኮሚቴው የመረጠው አፍሪዴቭ የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኬንያና በማላዊ ለገጠር መንደር ታስቦ የተሠራ ፓምፕ ነው። ሲሊንደሩ ከታች ውሃው ውስጥ ስለሚቀመጥ ከ40 ሜትር በላይ ካለ ጥልቀት ያወጣል። ለጥገናው ትልቅ ጋራዥ አይፈልግም፤ በአንድ የቡሎን መፍቻ ይፈታል፤ ቶሎ የሚያልቀው ላስቲኩ ነው። መፍታትና መግጠም የተማሩት አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ናቸው። እናትዮዋ ከመጀመሪያው ወር ገቢ ኮምቦልቻ ልከው ሁለት ትርፍ ላስቲክ አስገዙና የደብተሩ ሣጥን ውስጥ ቆለፉባቸው። "ሳይበላሽ?" ብለን ጠይቀናቸው ነበር። ገርመን አዩን።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻና አካባቢው ደርሶ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። እኛ ለገሃር ተቀምጠን ስለ ሰዎቹ ስንጨነቅ ከረምን። መንገዱ ተከፍቶ ወሬያቸው ሲደርሰን አልሐምዱሊላህ አልን። ከብዙ ሐዘንና ችግር መካከል ዘበኛው ስለ ፓምፑም አነሣልን፤ ማንም ወደ ገበያ መውጣት በማይችልበት ሰሞን ላስቲኩ አልቆ ነበር። ሴቶቹ ሣጥኑን ከፍተው በግማሽ ቀን ገጠሙት። ከሌላ መንደር ሸሽተው የመጡ ቤተሰቦችም ከዚያው ቀድተዋል፤ ለእነሱ አምስት ብር አልተጠየቀም።

ልጅቷ አሁን ነርስ ሆናለች። በ2016 ዓ.ም. ጻፈችልን። የአንድ ወር እረፍት አላት፤ መምጣት ትፈልጋለች፤ በየትኛው ወር ብትመጣ እንደሚሻል ግን እኛን አልጠየቀችም። "ኮሚቴውን ጠይቁልኝ" ነው ያለችው። እኛም ለሰብሳቢዋ ደወልን።

"በግንቦት ትምጣ" አሉ፤ "ሁለተኛ ጉድጓድ ከላይኛው ሰፈር ልንቆፍር ነው።" ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ "ግን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፤ አሁንስ ሃያ ሊትሩን አዝላ ትወጣለች ወይስ ያችን አምስቷን ላዘጋጅላት?" አሉን።

ቃል በቃል ተረጎምንላት።